ቡሬ ተራራ አይወጣም

ልጆች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ እምቢ ባይ ውሻ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገና ሳልጀምር ደከመኝ።

ውሻው ቡሬ ይባላል። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች አሉት፤ ግን አይሰማም።

«ቡሬ፣ ና» ሲሉት ይሄዳል። «ቡሬ፣ ሂድ» ሲሉት ይመጣል።

የቡሬ ባለቤት ሙሚና ናት። ሙሚና ሰባት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ባሌ ውስጥ፣ ከትልቁ ተራራ ሥር ባለች መንደር ነው።

ሙሚና በቡሬ ስትናደድ መሬቱን በእግሯ ትመታለች። ዱም! ከዚያ እንዲህ ትላለች፦ «ኤጭ! አሁንስ በዛ።»

እስቲ እናንተም በሉ። «ኤጭ! አሁንስ በዛ።» ጎበዞች። ዛሬ ይህ ቃል ደጋግሞ ያስፈልገናል።

ከመንደሩ በላይ፣ ተራራው አናት ላይ፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። እግሩ ረጅም ነው። አፉ ሾጠጥ ያለ ነው። የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። ስለዚህ ሰዎች እሱን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ።

በአውሮፕላን ይመጣሉ። በመኪና ይመጣሉ። የመኪናው መንገድ ሲያልቅ ደግሞ በፈረስ ይወጣሉ።

ፈረሱን የሚያቀርበው የመንደሩ ሰው ነው። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። የሁሉም ስም በኦቦ ቃሲም ደብተር ላይ ተጽፏል።

በባሌ «ኦቦ» ማለት «አቶ» ነው። ኦቦ ቃሲም ተራ አስከባሪ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደብተራቸውን ይገልጡና «ተራ ተራ ነው» ይላሉ። ማንም አይቀድምም፤ ማንም አይዘለልም።

እንግዳ ሲመጣ ባለፈረሱ ይከፈለዋል። እንግዳው ከሚከፍለው ላይ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ይደርሰዋል።

የሙሚና ክፍል ግማሽ ጣሪያ ያገኘው እንደዚያ ነው። አዎ፣ ግማሽ።

ዝናብ ሲመጣ በቀኝ በኩል የተቀመጡት ልጆች ይጽፋሉ። በግራ በኩል የተቀመጡት ይበሰብሳሉ። ሙሚና የምትቀመጠው በግራ በኩል ነው።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! ደብተሯ ላይ። «ኤጭ! አሁንስ በዛ።»

የቀረው ቆርቆሮ የሚመጣው ሌሎች እንግዶች ሲመጡ ነው። እንግዶች የሚመጡት ቀይ ቀበሮ ሲኖር ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ደግሞ ውሻ ተራራው ላይ ካልወጣ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ውሻ በሽታ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ያ በሽታ ቀበሮዎቹን አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል።

ስለዚህ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ሕግ አወጡ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ከመሩ። «ውሻ ከዚህ ድንጋይ አያልፍም» አሉ።

«ውሻው ያለፈበት ሰው ስሙ ከደብተር ይሰረዛል። ዓመቱን ሙሉ ፈረሱን ይዞ አይወጣም» አሉ።

ሰው ሁሉ ሰማ። ውሻውም ሁሉ የሰማ ይመስላል። ቡሬ ብቻ አልሰማም።

ክትባትም እንዲሁ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ፣ ሐኪም ፈቲያ፣ በሞተር ብስክሌት እየዞሩ የመንደሩን ውሾች በሙሉ ከተቡ። ከቡሬ በቀር።

አንዴ ሲመጡ ቡሬ ጎተራ ሥር ገባ። አንዴ ሲመጡ ወንዝ ተሻገረ። አንዴ ደግሞ የሞተሩ ጎማ ላይ ሸና፤ ከዚያ ሮጠ።

ይህን ውሻ ምን ብናደርገው ይሻላል?

አንድ ጠዋት ኦቦ ቃሲም ደብተራቸውን ገለጡ። «ሸምሱ» አሉ። ሸምሱ የሙሚና አባት ነው። ተራው ደረሰ ማለት ነው።

ሙሚና ይህን ቀን ስትጠብቅ ከርማለች። አባቷ «ሰባት ዓመት ሲሞላሽ ይዤሽ እወጣለሁ፤ ቀይ ቀበሮ ታያለሽ» ብሏት ነበር። ሰባት ሞላት። ተራው ደረሰ። ጫማዋንም አጠበች።

የዛሬዋ እንግዳ ረጅም ሴት ናት። ሰፊ ኮፍያ አድርጋለች፤ አንገቷ ላይ ከባድ ካሜራ አንጠልጥላለች። አባባ ሸምሱ ቦራ የሚባለው ፈረሱ ላይ አወጣት።

«ሙሚና፣ ቡሬን እሰሪው» አለ አባቷ። «አዴ ገበያ ሄዳለች፤ የሚጠብቀው ሰው የለም።» አዴ የሙሚና እናት ናት።

ሙሚና ቡሬን በገመድ ምሰሶው ላይ አሰረችው። «እዚህ ቆይ» አለችው። ቡሬ ጅራቱን ቆላ።

ጉዞ ተጀመረ። ኳ! ኳ! ኳ! ይላል የቦራ ኮቴ።

ብዙም ሳይርቁ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። ሄህ! ሄህ! ሄህ!

ማን ነው? ቡሬ ነዋ። አንገቱ ላይ የገመድ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ሌላውን ቁራጭ በልቶታል።

«ኤጭ! አሁንስ በዛ» አለች ሙሚና።

ቦራ ቆመ። እንግዳዋ ጠበቀች። ሙሚና ቡሬን እየጎተተች ወደ ቤት ተመለሰች።

አሁን የጥጃው በረት ውስጥ አስገባችው። በሩን ዘጋች፤ በእንጨትም ደገፈችው። «እዚህ ቆይ» አለችው። ቡሬ ጅራቱን ቆላ።

ሙሚና ሮጣ ደረሰች። ጉዞ ተጀመረ። ኳ! ኳ! ኳ!

ወንዙን እንደተሻገሩ ከኋላ ድምፅ ተሰማ። ሄህ! ሄህ! ሄህ!

ማን ነው? አፍንጫው ጭቃ፣ እግሩ ጭቃ፣ ግንባሩ ጭቃ። በበረቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ወጥቷል። ጥጃውም ተከትሎት ወጥቷል።

«ኤጭ! አሁንስ በዛ» አለች ሙሚና። «ኤጭ» አለ አባቷም።

ቦራ ቆመ። እንግዳዋ ጠበቀች። ሙሚና ቡሬን በአንድ እጇ፣ ጥጃውን በሌላው እጇ ይዛ ተመለሰች።

ጥጃው ደግ ነው፤ ዝም ብሎ ገባ። ለቡሬ ግን ሙሚና አዲስ ዘዴ አሰበች። ትልቁን ቢጫ ጀሪካን ውኃ ሞላች። ቡሬን በሰንሰለት ከጀሪካኑ ጋር አሰረችው።

«ይህን ማንሳት እንኳን አንተ፣ እኔም አልችልም» አለችው። ቡሬ ጅራቱን ቆላ።

ሙሚና እያለከለከች ደረሰች። ጉዞ ተጀመረ። ኳ! ኳ! ኳ!

አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ የሞላበት ጫካ ውስጥ ሲገቡ ከኋላ ድምፅ ተሰማ። አሁን ግን ሌላ ድምፅ ነው። ኳንኳንኳን! ኳንኳንኳን!

ቡሬ ጀሪካኑን ገልብጦ ውኃውን ደፍቶታል። ባዶውን ጀሪካን እየጎተተ ዳገቱን ይወጣል። ኳንኳንኳን! ወፎቹ ሁሉ በረሩ።

«ኤጭ! አሁንስ በዛ» አለች ሙሚና። «ኤጭ! አሁንስ በዛ» አለ አባቷ። እንግዳዋ ቋንቋውን አታውቅም፤ ቢሆንም ፈረሱ ላይ እንዳለች «ኤች» አለች።

አባቷ ወደ ሰማይ አየ። ጉም ከወዲያ ማዶ እየመጣ ነው። ጉም ተራራውን ከሸፈነው ቀበሮ አይታይም።

«ከእንግዲህ አንመለስም፤ ጊዜ አይበቃንም» አለ። ጀሪካኑን ፈትቶ ዛፍ ላይ ሰቀለው። ቡሬን በሰንሰለቱ ለሙሚና ሰጣት። ዳገቱን ወጡ።

የድንጋዩ ክምር ጋ ደረሱ።

ከድንጋዩ በላይ ሰፊው ሜዳ ይታያል። ሣሩ ወርቃማ ነው፤ ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች ረዣዥም ናቸው። ሙሚና እንዲህ ያለ ቦታ አይታ አታውቅም።

ቡሬም አይቶ አያውቅም። አንድ እግሩን አንስቶ ድንጋዩ ላይ አደረገ።

ሙሚና ሰንሰለቱን ያዝ አደረገችው። ቡሬ ሳበ። ሙሚናም ሳበች።

አባቷ ወደ ልጁ አየ፤ ወደ እንግዳዋ አየ፤ ወደ ጉሙ አየ። ምን እንደሚል ጨነቀው።

ሙሚና ገብቷታል። እሷ ካለፈች ቡሬ ያልፋል። ቡሬ ካለፈ የአባቷ ስም ይሰረዛል። ከዚያም የባሰ ነገር አለ። ቡሬ አልተከተበም። ቀበሮዎቹ ቢታመሙስ?

ማልቀስ ፈለገች።

«አባ፣ እናንተ ሂዱ» አለች። «እኔ እዚህ ይዤው እቀመጣለሁ።»

አባቷ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። «የተራራው ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ እዚያች ጎጆ ውስጥ ናቸው፤ ልጄን ጠብቁልኝ እላቸዋለሁ» አለ። «ከድንጋዩ እንዳትርቂ።»

ኳ! ኳ! ኳ! ቦራ ሄደ። እየራቀ፣ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ጠፋ።

ሙሚና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ቡሬም አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንተ ነህ» አለችው። «ሁሉም በአንተ ነው። አልወድህም።»

ቡሬ እጇን ላሰ።

«አትላሰኝ። ተናድጃለሁ» አለችው። እንባዋ ወረደ። ቡሬ እንባውንም ላሰ።

ነፋሱ ይበርዳል። ቡሬ ይሞቃል። ሙሚና ተጠጋችው፤ ቢሆንም ንዴቷ አልበረደም። ሰው እየተናደደም ይሞቀዋል።

ብዙ ቆይቶ ከታች ድምፅ መጣ። ድድድድድድ!

ቡሬ ጆሮውን አቆመ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የሐኪም ፈቲያ ሞተር ነው።

ቡሬ ወደ ቀኝ ሊሮጥ አለ። ሙሚና ያዘችው። ወደ ግራ ሊሮጥ አለ። ሙሚና ያዘችው። በመጨረሻ ሁለት እጇን አንገቱ ላይ ጠምጥማ ተኛችበት።

«ዛሬስ አታመልጥም» አለችው። «በፍጹም አታመልጥም።»

ሐኪም ፈቲያ ከሞተሩ ወረዱ። መድኃኒት የያዘውን የበረዶ ሣጥን ከፈቱ። «ይህን ውሻ ስንት ቀን ፈለግሁት፤ ዛሬ ወደዚህ ወጥቷል ሲሉኝ መጣሁ» አሉ። «ጎማዬ ላይ ሸንቶ የሄደው እሱ አይደለም?»

«እሱ ነው» አለች ሙሚና።

ሐኪም ፈቲያ ቁራጭ ዳቦ ለቡሬ ወረወሩለት። ቡሬ ዳቦውን ጎረሰ። ጭክ! መርፌው ገባ፤ መርፌው ወጣ። ቡሬ ልብም አላለው፤ ሌላ ዳቦ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሩጫ ለዚህ ነበር።

ሐኪም ፈቲያ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰሩለት። የተከተበ ውሻ ምልክቱ ይህ ነው። «መድኃኒቱ የሚገዛው እንግዶቹ በከፈሉት ነው» አሉ። «እነሱ ቀበሮውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ እኛ ውሻውን እንከትባለን።»

የሙሚና ፊት በራ። «እንግዲያው አሁን መውጣት ይችላል?»

«አይችልም» አሉ ሐኪም ፈቲያ።

«ተከትቦም?»

«ተከትቦም። በሽታ ባይዝም ይጮሃል፣ ያባርራል። ቀበሮው የሚበላውን ፍልፈል ያስደነግጥበታል።»

ሙሚና መሬቱን በእግሯ መታች። ዱም! «ኤጭ! አሁንስ በዛ።»

«እኔም እንደዚያ ነው የምለው» አሉ ሐኪም ፈቲያ። ሞተራቸውን አስነስተው ሄዱ።

ፀሐይ ዘወር ስትል ቦራ ተመለሰ። እንግዳዋ ከሩቅ ትስቃለች። አየች ማለት ነው።

ከፈረሱ ወረደችና ካሜራዋን ለሙሚና ዘረጋችላት። ሙሚና ፊቷን አዞረች። ፎቶ ቀበሮ አይደለም። ሙሚና የፈለገችው ቀበሮውን ነው።

እንግዳዋ ካሜራዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ለአባባ ሸምሱ አንድ ነገር ተናገረች። አባባ ሸምሱ የእንግዶችን ቋንቋ ጥቂት ይሰማል።

«ነገም መውጣት እፈልጋለሁ ትላለች» አለ። «ግን ካንቺ ጋር። ውሻውን ይዘሽ ባትቀሪ ኖሮ ዛሬ ምንም አላይም ነበር ትላለች።»

ሙሚና ዘለለች። አባቷም ደስ አለው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ ጠቆረ።

ወደ ኦቦ ቃሲም ሄዱ። ኦቦ ቃሲም ደብተራቸውን ገለጡ። «ነገ የአማን ተራ ነው» አሉ።

«ልጄ እኮ ናት» አለ አባባ ሸምሱ። «እንግዳዋም የእኔ እንግዳ ናት።»

«ልጅህ ትሂድ። እንግዳዋም ትሂድ» አሉ ኦቦ ቃሲም። «ፈረሱ ግን የአማን ነው። ተራ ተራ ነው።»

«ታዲያ ቡሬን ማን ይይዘዋል?» አለች ሙሚና።

ኦቦ ቃሲም አባባ ሸምሱን አዩ። እንግዳዋ አባባ ሸምሱን አየች። ቦራም ዞሮ አየው።

በማግሥቱ ሙሚናና እንግዳዋ ከኦቦ አማን ጋር ወጡ። ኦቦ አማን ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ፈረሳቸውም ቀርፋፋ ነው።

አባባ ሸምሱ ቤት ቀረ። ቡሬ ገመድ በላ። «ኤጭ» አለ አባባ ሸምሱ። ቡሬ በረቱን ቆፈረ። «ኤጭ! አሁንስ በዛ» አለ አባባ ሸምሱ።

በመጨረሻ ቡሬን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቀፈው። አዴ አየችውና እየሳቀች «ሕፃን ወለድክ እንዴ?» አለችው።

ሙሚና ግን ድንጋዩን አልፋለች።

ሜዳው ጸጥ ያለ ነው። ኦቦ አማን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሦስቱም ጅብራው ሥር ተቀመጡ።

ጠበቁ። ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ አለች፤ ጥልቅ አለች። ብቅ አለች፤ ጥልቅ አለች። ቀበሮ የለም።

ጠበቁ። ጠበቁ። የሙሚና እግር ደነዘዘ። አፏ «ኤጭ» ሊል ተከፈተ። ቶሎ በእጇ ሸፈነችው።

ከዚያ መጣ።

ቀይ ነው። ቀስ እያለ፣ እግሩን አንስቶ እያስቀመጠ መጣ። ቆመ። ጆሮውን ወደ መሬት አዘነበለ። እመር! ፍልፈሏን ያዛት።

ፍልፈሏን በአፉ ይዞ ወደ ዐለቱ ሮጠ። ከዐለቱ ሥር ሦስት ግልገሎች ወጡ። እናታቸውም ወጣች።

እናትየዋ ግልገሎቹን ወደ ጉድጓዱ መለሰቻቸው። ሁለቱ ገቡ። አንዱ እምቢ አለ። አስገባችው፤ ወጣ። አስገባችው፤ ወጣ።

እናትየዋ ቆም ብላ አየችው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፊቷ «አሁንስ በዛ» ይላል። ከዚያ አንገቱን በጥርሷ ይዛ አስገባችው።

ሙሚና ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች። እንግዳዋ ፎቶ አላነሳችም። የሙሚናን እጅ ይዛ ዝም ብላ አየች።

ኦቦ አማን በመጨረሻ አፋቸውን ከፈቱ። «አምናም እዚሁ ነበሩ» አሉ በሹክሹክታ። «ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። ወደ ታች ቢወርዱ ይሞቃቸዋል፤ ፍልፈልም የለ።»

ሲመሽ ሙሚና ቤት ገባች። አባቷ ደክሞት እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል። አዲሱ ገመድ እጁ ላይ ተጠምጥሟል። በገመዱ ሌላ ጫፍ ቡሬ አለ፤ እሱ አልደከመውም።

ሙሚና ገመዱን ከአባቷ እጅ ቀስ ብላ ፈታች። አባቷ ላይ ብርድ ልብስ ጣለች። ቡሬን ወደ በሩ ወሰደችው።

«ስማኝ» አለችው። ቡሬ ጅራቱን ቆላ። «ጅራትህን ተውና ስማኝ።»

«አንተ ይህ ቤት አለህ። እኔ አለሁህ፣ አዴ አለችህ፣ አባም አለህ። ሲያምህ ሐኪም ፈቲያ አሉልህ። እነሱ ግን ያላቸው ያ ተራራ ብቻ ነው።»

«ስለዚህ አትሄድባቸውም። ስለተከለከልክ ብቻ አይደለም። ቤታቸው ስለሆነ ነው።»

ቡሬ ጅራቱን መቁላት ተወ። ሁለቱ ትልልቅ ጆሮዎቹ ወደ እሷ ዞረዋል።

በሩ ክፍት ነው። ተራራው ከሩቅ ይታያል። ሙሚና ገመዱን ከአንገቱ ፈታችለት።

ቡሬ ተራራውን አየ። ሙሚናን አየ። ዞር ዞር አለና እግሯ ላይ ተጋደመ።